የሁለት ሰው እጅ፦ አንድ ሳምንት ከዳዊት ጋር በጣና ዳር

እሑድ ማታ

ቦሌ ፍተሻ ላይ ቦርሳዬ በማሽኑ ካለፈ በኋላ ፈታሿ «ይሄ ወፍራሙ ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። ማኅደሩን አውጥቼ አሳየኋት። ጓንቷን አወለቀች፤ በሁለት እጇ ተቀብላ ተሳለመችውና ሳትከፍተው መለሰችልኝ። ባሕር ዳር እስክደርስ ጉልበቴ ላይ ይዤው መጣሁ።

የአባቴ ዳዊት ነው። የብራና ነው፤ ሁለት የእንጨት ገበታ አለው፣ ላዩ በቆዳ ተለብጧል፣ ማኅደሩ ደግሞ ትከሻ ላይ የሚነገት ጠፍር አለው። አባባ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፏል። መጽሐፉ እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው የኖረው። እንዴት እኔ ጋ እንደመጣ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፤ ዛሬ አልችልም።

የመጣሁበትን ምክንያት ግን ልጻፍ። አምና መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ጨርሼ ነበር። በየቀኑ ስልኬ የሚሰጠኝን ምዕራፍ እያነበብኩ ምልክት አደርግ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል። ጳጉሜን ላይ የዮሐንስ ራእይን ጨርሼ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለ፣ ካነበብኩት ሁሉ አንድ ቁጥር በቃሌ ልበል ብዬ ፈለግኩ፤ አጣሁ። አንድም የለም። አባባ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አንድ መጽሐፍ ነበር ሲደግም የኖረው። ሰው ሲያመው፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ፣ ከአፉ የሚወጣው ከዚያ ነበር።

አማርኛችን ራሱ ዳዊት አነበበ አይልም። ዳዊት ደገመ ነው የሚለው። ይህን ቃል ስንት ዘመን ስሰማው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩበትም።

ስለዚህ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። ዳዊትን እንደ ሥርዓቱ በየዕለቱ ልደግም ነው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። ግእዙን ፊደል በፊደል ማንበብ እችላለሁ፤ ትርጉሙ ግን አይገባኝም። ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ ዳዊት ገዝቻለሁ። የአባባን ብራና የማነብበት ድፍረት ገና የለኝም።

ሰኞ

ሳይነጋ ወደ ውኃው ወረድኩ። ጥቅምት ስለሆነ ጣና ሞልቷል፤ ክረምቱ ያመጣው ደለል ገና ስላልረጋ መልኩ ደፈርስ ይላል። ሁለት ሰዎች የደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ከጭጋጉ ውስጥ ወጡ። አንደኛው ታንኳ እንጨት ጭኗል፤ ከውኃው ከፍ ያለው ጠርዙ አንድ ስንዝር አይሞላም። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይበሰብሳል፤ ያን ጊዜ ሌላ ታንኳ ይታሰራል። እነሱ እስኪያልፉ ጠብቄ ጀመርኩ። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን።»

እዚያው የመጀመሪያው መዝሙር ላይ ያዘኝ። አማርኛው «ሕጉንም በቀንና በሌሊት ያስባል» ይላል። ግእዙ ግን «ወዘሕጎ ያነብብ መዓልተ ወሌሊተ» ነው የሚለው፤ ያነብባል። ሁለቱን ደጋግሜ አየኋቸው። ለእኔ ማንበብ በዓይን፣ ማሰብ በልብ፣ መናገር ደግሞ በአፍ ነበር፤ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች። በግእዝ ግን «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው፤ «አንበበ»ም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ያ ብፁዕ የተባለ ሰው እንግዲህ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው። እኔ በዓመቱ ንባቤ አንድ ቀን እንኳ ድምፅ አላወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም በድምፅ አነበብኩ። በዘንባባዎቹ ሥር ሰው ያልፋል፣ ባጃጅ ከኋላዬ ይጮኻል፤ መጀመሪያ አፈርኩ፣ አሥረኛው መዝሙር ላይ ስደርስ ተውኩት። አሥር መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ መላው ዳዊት አሥራ አምስት ንጉሥ ነው። አባባ «ዛሬ ሁለት ንጉሥ ቀረኝ» ሲል ልጅ ሆኜ ሰዎች የሚመጡ ይመስለኝ ነበር።

22ኛው ላይ ደግሞ ቆምኩ። ይህን መዝሙር የማያውቅ የለም። «በዕረፍት ውኃ ዘንድ ይመራኛል» እላለሁ ከልጅነቴ ጀምሮ። ግእዙን ሳየው «ወኀበ ማየ ዕረፍት ሐፀነኒ» ይላል። ሐፀነኒ! ሕፃን የምንለው ቃል ከዚሁ ነው። መራኝ ብቻ አይደለም፤ አሳደገኝ፣ እንደ ሕፃን ይዞ አቆየኝ ነው። መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ውኃውን እያየሁ ይቺን አንዲት ቃል ለረጅም ጊዜ ደጋገምኳት። የሚመራ ሰው ከፊት ይሄዳል፤ የሚያሳድግ ግን አይሄድም፤ እዚያው ይቀመጣል። እግዚአብሔር ወደ አንድ ቦታ እንዲያደርሰኝ ስለምን ኖሬያለሁ፤ ከእኔ ጋር ሊቀመጥ እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

ሰላሳውን ለመጨረስ እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ድምፄ ሰልሏል።

ማክሰኞ

ቅዱስ ጊዮርጊስ ተሳልሜ በግቢው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። 50ኛው፣ «ተሣሀለኒ እግዚኦ»፣ እንደ አሮጌ ወዳጅ ተቀበለኝ። 54ኛው ላይ ስደርስ ግን መጽሐፉን ዘጋሁት። የቀሩትን ስድስት መዝሙሮች ማታ አልጋዬ ላይ በጥድፊያ ጨረስኳቸው። ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ረቡዕ

ወደ ዘጌ በጀልባ። ክብራን ገብርኤልን በቀኝ አለፍነው፤ ወንድ ብቻ የሚገባበት ገዳም ነው። ጀልባ ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ አማተበ፣ እኔም ከውኃው ላይ ተሳለምኩ። ጎኑ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ናት።

ዘጌ ስወርድ የገረመኝ ዝምታው ነው። ገዳሙን በመሠረቱት በአቡነ በትረ ማርያም ቃል መሠረት እዚያ መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም ይላሉ። ሰው የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። ቡናው በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ጫካውን ሞልቶታል፤ ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ባለው የድንጋይ መንገድ ላይ ፀሐይ በጭላንጭል ብቻ ነው የምትወርደው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ዲያቆኑ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈነውን መጋረጃ በዘንግ ገለጥ አደረገልኝ፤ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በላዔ ሰብእ ፊት ቆምኩ። ሰባ ስምንት ሰው የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ። ቀጥሎ ሚዛኑ፤ በአንድ በኩል የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውኃ። ታሪኩን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ጣናን ያህል ውኃ ተሻግሬ መጥቼ ስለ አንዲት ጥርኝ ሲነገረኝ ግን ሌላ ሆነብኝ። እኔ ለማን ጥርኝ ውኃ ሰጠሁ? ለማንስ ከለከልኩ? መልሱን ስለማውቀው ወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ የአብነት ተማሪዎች ጎጆ አለ። ገና ሳልደርስ ድምፃቸው ይሰማል፤ አንዱ ፊደል፣ አንዱ የዮሐንስ መልእክት፣ አንዱ ዳዊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየጮኹ፣ ማንም ከማንም ጋር ሳይደባለቅ። የኔታ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በጆሯቸው ሁሉንም ይከታተላሉ። እጅ ነሥቼ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

«ወለተ ማርያም።»

«ዳዊት ልትደግሚ መጣሽ?»

«ሴት ሆኜ ግእዙ ይከብደኝ ይሆን ብዬ ነው፣ የኔታ።»

«እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ እዚሁ ጎጃም ስንቱን የቅኔ መምህር አፈሩ፤ አንቺ ሁለት ዓይን ይዘሽ ምን ያከብድብሻል?» አሉኝና አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ ጠሩ። ደበሎ ለብሷል። ስንጥር ይዞ ከጎኔ ተቀመጠ። እኔ ከታተመው ዳዊቴ አነባለሁ፣ እሱ በስንጥሩ ፊደሉን ይከተላል። ግሡ ላይ ስደርስ ድምፄን ወደ ታች ጣልኩት።

«እትዬ፣ ተነሽ ነው። ያንሡት።»

ተነሽ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፤ በቃሉ ላይ ድምፅ የሚነሣበትና የሚወድቅበት መንገድ ናቸው፤ የግእዝ ንባብ እነዚህን ሳይለይ ንባብ አይባልም። ልጁ አንዲቷን መስመር ሰባት ጊዜ አስደገመኝ፤ አልሰለቸም፣ አልሳቀብኝም። እኔን ግን ከስህተቱ ይልቅ ሌላ ነገር ያዘኝ። «እትዬ» አለኝ። ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

በመጨረሻ ማኅደሩን ከትከሻዬ አወረድኩ። የኔታ እጃቸውን ታጥበው፣ ተሳልመው ከፈቱት። ጽሑፉን አላነበቡም፤ ቅጠሎቹን ዳሰሱ፣ አሸተቱ፣ በብራናው ላይ የተሰፋች ቀዳዳ አሳዩኝ። ከዚያ ገጾቹን እያገላበጡ ዝም አሉ።

«የማን ነው ያልሽኝ?»

«የአባቴ።»

«የሁለት ሰው እጅ ነው ያለበት።»

አልገባኝም። ጠርዙን አሳዩኝ። የታችኛው ጥግ ጠቁሮ ወዝቷል፤ አንባቢ ሁሉ የሚይዘው በዚያ ነው። «ይኼ ደንብ ነው። ላዩን ደግሞ እዪው» አሉኝ። የላይኛውም ጥግ እንደ ታችኛው ጠቁሯል፤ በተለይ ከመካከል ወዲያ። «ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚገልጥለት ሰው ነበረ። ከአንድ ዓመት ከሁለት ዓመት የበለጠ ነው።»

ያን ጊዜ አየኋት። እህቴን። አባባ ዓይኑ ደክሞ በቃሉ ይደግማል፤ መጽሐፉ ግን ካልተከፈተ ደስ አይለውም። እሷ ትንሿ በርጩማ ላይ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ፣ ፊደሉን ገልብጣ እያየች፣ እሱ የደረሰበትን በጣቷ ተከትላ ቅጠሉን ትገልጥለታለች። እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ይህን አይቻለሁ፤ ቡና እየጠጣሁ።

ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጣና ከቀትር በኋላ ልማዱ ነው፤ ጀልባው እየዘለለ ውኃ ፊታችን ላይ ይረጫል። «ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ» የሚለው የረቡዕ ዳዊት ውስጥ ነው፣ 68ኛው። ማኅደሩን ላይፍ ጃኬቱ ውስጥ ደረቴ ላይ አቅፌ ያቺን ብቻ እያልኩ ባሕር ዳር ደረስኩ። የፈራሁት ማዕበሉን አልነበረም።

ሐሙስ

እሑድ ያለፍኩትን ዛሬ ልጻፍ።

አባባን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እትዬ ናት። እኔ ገንዘብ እልክ ነበር። የአርባው ተዝካር ማግስት፣ እሷ እንግዳ ስትሸኝ፣ ዳዊቱን ከተሰቀለበት አውርጄ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። አልጠየቅኳትም። እሷ ቤቱ ቀርቷት የለ፣ ለእኔስ ከአባቴ ምን ሊቀረኝ ነው ብዬ። ስልክ ደወለች፤ «የእኔም አባት ነው» ብዬ ዘጋሁባት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ሰው ሲጠይቀኝ የምናገረው ግን እሷ ያለችኝን ብቻ ነበር፤ እኔ ያደረግኩትን አልነበረም።

የማክሰኞው መዝሙር እንዲህ ይላል፦ «ጠላትስ ቢሰድበኝ፥ በታገሥሁ ነበር... አንተ ግን እኩያዬ ሰው፥ ባልንጀራዬና የልቤ ወዳጅ።» ብዙ ተርጓሚዎች የዳዊት መካሪ ሆኖ ሳለ ከአቤሴሎም ጋር ከዶለተበት ከአኪጦፌል ጋር ያያይዙታል። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን መዝሙር ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁልጊዜ በእሷ ላይ ነበር የማነበው። የተበደልኩት ዳዊት እኔ፣ አኪጦፌል እሷ።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ዘጌ ሄድኩ። ውኃው ጸጥ ብሎ ስለነበር በመንገድ 103ኛውን ደገምኩ፤ «ይህች ባሕር ታላቅና ሰፊ ናት»። የኔታ ዘንድ ስደርስ 54ኛውን ገልጬ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሳላሳምር። እስክጨርስ ድረስ ጠበቁኝ። መጀመሪያ ግእዙን እሳቸው አነበቡ፣ ከዚያ እኔን አስነበቡኝ፣ ከዚያ በአማርኛ ዘርዝሪው አሉኝ። በመጨረሻ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እዚህ ውስጥ አንቺ የትኛው ነሽ?»

መልስ አልሰጠኋቸውም። እሳቸውም አልደገሙትም፤ ተማሪው ሲሳሳት ሰምተው ወደዚያ ዞሩ። እኔ ግን ለሁለት ዓመት ሳነበው የኖርኩትን «አንተ ግን» በእትዬ ድምፅ ሰማሁት። በአንድ ገበታ የበላን ልጆች ነን። የልቧ ወዳጅ ነበርኩ። ቃሉ አልተለወጠም፤ ያው ነው፤ እኔ ወንበሬን ቀየርኩ እንጂ።

የስንጥሩ ልጅ እስከ ወደቡ ሸኘኝ። ስንለያይ «የሰኞውን መጀመሪያ ይበሉልኝ» አለኝ። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ» አልኩት። ግሡን አነሣሁት። ራሱን ነቀነቀ።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ 118ኛው። 176 ቁጥር ነው፤ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ተከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ስምንት ስምንት። አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ ይሄዳል። ድሮ ሳነበው ረጅምና ተመሳሳይ ስለሚሆንብኝ በዓይኔ እየዘለልኩ ነበር የምጨርሰው፤ ሕግህ፣ ትእዛዝህ፣ ምስክርህ፣ ሥርዓትህ። ዛሬ ግን በድምፅ ስለው ታንኳ የሚያስር ሰው መሰለኝ፤ አንድ ዘለላ ደንገል ያነሣል፣ ያጠብቃል፣ ሌላ ያነሣል፣ እዚያው ያጠብቃል።

ሔት ላይ «እግሬንም ወደ ምስክርህ መለስሁ» የሚለውን አልኩ፤ ቀጥሎ ያለውን ሳልል ተነሣሁ። የእሑዱን የአውሮፕላን ቲኬት ሰረዝኩ። ወደ መናኸሪያ ሄጄ ለእሑድ ጠዋት የደብረ ማርቆስ መኪና ጠየቅኩ። ተመልሼ ከሔት ቀጠልኩ።

129ኛውን የጨረስኩት ከመሸ በኋላ ነው። «አቤቱ፥ ኃጢአትን ብትጠባበቅስ፥ አቤቱ፥ ማን ይቆማል?» ኡራ ላይ ያየሁት ሚዛን ትዝ አለኝ። ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥኩት። አንሥቼ አስቀመጥኩት። ተኛሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ውኃው ዳር ሆኜ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

«እትዬ።»

ዝም አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከጀርባዋ ዶሮ ይጮኻል፤ የግቢያችን።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። የዳዊቱን፣ የስልኩን፣ የተዝካሩን ማግስት፣ ሁሉንም በየስሙ ጠርቼ ነገርኳት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱንም አላልኩትም። ነገ ይዤው እንደምመጣ ነገርኳት። ላይኛው ጥግ ላይ ያለውን ጥቁረት እንዳየሁም።

አልቅሳ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፤ «በቃሌ ነበር የምደግመው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው አይጠፋኝም፣ አባባ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚለው። የቅዳሜው ነው የሚያስቸግረኝ፤ ያን ጊዜ እሱም ደክሞ ስለነበር በዝግታ ነበር። ከ131 እስከ 140 እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ይጠፋብኛል። ሁለት ዓመት እዚያ ላይ ነው የማቆመው።»

«ዛሬ ጀምረሻል?»

«ስትደውዪ 140 ላይ ነበርኩ።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ማኅደሩን ፈታሁ። በዚህ ሳምንት እስከ ዛሬ የአባባን ብራና ራሴ ከፍቼ አላነበብኩበትም ነበር። 141ኛውን ስፈልግ ቅጠሉን ከላይኛው ጥግ ያዝኩት፤ እሷ ትይዘው በነበረበት።

«ቃልየ ኀበ እግዚአብሔር ጸራኅኩ» አልኩ።

«ተነሽ ነው» አለች እትዬ። «አንሺው። ከመጀመሪያው።»